ከሀ ሁ ወደ አቡጊዳ፦ ጸጋዬ ገብረመድኅን በአብዮቱ ዘመን

(በብስራተ ገብርኤል ሠፈር የንባብ ምሽት ላይ የቀረበ ዲስኩር)



የንባብ ማኅበሩ የላከልኝ የጥሪ ደብዳቤ አጭር ነበር። «ወጣቶቹ በደርግ ዘመን ገጣሚ ሆኖ መኖር ምን ይመስል እንደነበር ይጠይቁናል፤ ቢመጡና ቢያጫውቱን» ይላል። ደብዳቤውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት፤ ጥያቄው ግን ኪስ አልገባ አለ። ሰሞኑን አብሮኝ ሲውል አብሮኝ ሲያድር ከርሞ ይኸው ዛሬ አብሮኝ መጣ።

የመጣሁት በሳር ቤት በኩል ነው። ታክሲው ውስጥ አንዲት ተማሪ «ፑሽኪን ወራጅ አለ!» አለች። ረዳቱ በሩን ከፈተ፣ እሷም ወረደች፣ እኛም መንገዳችንን ቀጠልን። እስቲ አስቡት፤ በዚህ መስመር የምንመላለስ ሰዎች በቀን ስንት ጊዜ የአንድ ገጣሚ ስም እንጠራለን! ፑሽኪን የሩሲያ ገጣሚ ነው። ቅድመ አያቱ ሃኒባል በልጅነቱ ከአፍሪካ ተወስዶ በሩሲያው ንጉሥ በታላቁ ጴጥሮስ ቤት ያደገ ሰው ነበር። ከእኛ ወገን ነው ብለው የሚከራከሩ ብዙ ናቸው፤ ስሙም ከሠፈራችን አጠገብ የዋለው በዚያ ዝምድና ነው። ይህን ገጣሚ ንጉሥ ቀዳማዊ ኒኮላስ እ.ኤ.አ. በ1826 ከግዞት አስጠሩትና ከእንግዲህ ጽሑፉን የሚመረምሩለት ራሳቸው እንደሚሆኑ ነገሩት። መጀመሪያ ላይ ክብር መሰለው። እየዋለ እያደረ ግን የንጉሡ ዓይን በእያንዳንዱ መስመር ላይ እንዳረፈ ገባው። ስለዚህ የዛሬው ጥያቄያችን ሩቅ አገር ያለ ጥያቄ አይደለም። በየቀኑ የምንወርድበት ፌርማታ ላይ ነው ያለው።

የማወራችሁ ስለ ጸጋዬ ገብረመድኅን ነው። እናንተ ሎሬት ትሉታላችሁ፤ የእኔ ዘመን ሰዎች ጋሽ ጸጋዬ እንላቸው ነበር። ዛሬ ግን አንቱ አልለውም። ገጣሚን አንቱ ስንለው ትንሽ ከራሳችን እናርቀዋለን፣ እኔ ደግሞ ላቀርበው ነው የመጣሁት።

የምለው ነገር በአጭሩ ይህ ነው። ብዙ ሰው «ጸጋዬ ሳንሱርን ያለፈው በሰምና ወርቅ ነው» ይላል። እኔ እንዲህ አይመስለኝም። ጸጋዬን ያቆመው መድረክ ነው። ወረቀት ላይ ያለው ቃል ሌላ ነው፣ በተዋናይ አፍ ወጥቶ በተመልካች ጆሮ የሚገባው ቃል ሌላ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ነው የኖረው። ይህን ለማሳየት በመጀመሪያ ከየት እንደመጣ በአጭሩ እነግራችኋለሁ። ቀጥሎ ከአብዮቱ ጋር እንዴት እንደተገናኘ አወራለሁ፤ እዚያ ላይ ረዘም አድርጌ ስለምቆይ ታገሡኝ። ከዚያ የት የት እንደተጠለለና ምን እንደከፈለ እናያለን።

ከመነሻው እንጀምር።

አቡነ ጴጥሮስ እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ በፋሽስት ጥይት የተገደሉት ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ጸጋዬ የተወለደው አምቦ አጠገብ ቦዳ በምትባል ቦታ ነሐሴ 11 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ቁጠሩት፣ 19 ቀን ነው። ጳጳሱ በወደቁ በ19ኛው ቀን የተወለደ ሕፃን አድጎ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት»ን ጻፈ። እኔ ይህን እንደ ተአምር አልቆጥረውም። ይልቅስ እንዲህ ብዬ አስባለሁ፦ በዚያ ክረምት የተወለደ ልጅ የጴጥሮስን ስም የሰማው ከመጽሐፍ አይሆንም። እሳት ዳር ከሚያወሩ ሰዎች አፍ ነው የሚሰማው። ታሪክ ለእሱ መጀመሪያ ድምፅ ነበር ማለት ነው።

አባቱ ኦሮሞ ናቸው፣ እናቱ አማራ። የቤተ ክህነት ትምህርት ቀምሷል። አምቦ ተማሪ ሳለ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስና ስለ ሁለቱ ወንድማማቾች ተውኔት ጽፎ ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት ታይቶለታል። አስቡት፤ ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ የመጀመሪያ ሥራው ስለ ንጉሥ ነው፣ ከተመልካቾቹም አንዱ ንጉሥ ናቸው። ከዚያ አዲስ አበባ መጥቶ በጄኔራል ዊንጌትና በንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተማረ። በ1950ዎቹ መግቢያ ላይ ለንደንና ፓሪስ ሄዶ የቴአትርን ሥራ በቅርብ አየ። ተመልሶም ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው ቤት ሠራ። ገና በሃያዎቹ ዕድሜው መጨረሻ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተሸለመ። ኦቴሎን፣ ሐምሌትንና ማክቤዝን ወደ አማርኛ መልሷል። በእንግሊዝኛም ይጽፍ ነበር። አብዮቱ ሲፈነዳ እንግዲህ ስሙ የተተከለ፣ እጁ የተፈታ፣ የ37 ዓመት ጎልማሳ ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገሬ ልግባ፤ ወደ አብዮቱ።

የካቲት 1966 ዓ.ም. ታክሲ ነጂው፣ መምህሩ፣ ተማሪው፣ ወታደሩ ሁሉ ተነሣ። «እሳት ወይ አበባ» የተባለው የግጥም መጽሐፉ የወጣው በዚያው ዓመት ነው። አርእስቱን አሁን ሳየው የዓመቱ ጥያቄ ሆኖ ይታየኛል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ወረዱ። ከየካቲት እስከ መስከረም ስድስት ወር ከምናምን ነው። ጸጋዬም ወዲያው «ሀ ሁ በስድስት ወር» የተባለ ተውኔት ይዞ መጣ።

እዚህ ላይ ቆም ልበልና ወጣቶቹን ስለ ፊደል ላጫውታችሁ። ይህ ካልገባን የአርእስቱ ጉዳይ አይገባንም።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት የኔታ ዘንድ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ እንቀመጣለን፤ ፊደል ገበታው ጭናችን ላይ ነው። በእጃችን ስንደዶ ይዘን እያንዳንዱን ፊደል እየነካን «ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ» እያልን እንጮኻለን። ሁለት ሦስት ወር ሲሆን ዜማው ራሱ ይወስዳችኋል። አፋችሁ «ሰ፣ ሱ፣ ሲ» ሲል ዓይናችሁ ዛፉ ላይ ያለችውን ወፍ ያያል፣ ስንደዶው ደግሞ ሌላ መስመር ላይ ነው። የሚያልፍ ሰው ሲሰማን «ይህ ልጅ ጨርሷል፣ ጎበዝ!» ይላል። የኔታ ግን አይታለሉም። ገበታውን ወደ አቡጊዳ ያዞሩታል። «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ።» ፊደሎቹ እነዚያው ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸው ግን ተበጥብጧል። ዜማው አይረዳችሁም። እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ ማወቅ አለባችሁ። ያን ቀን ነው ፊደል የለየው ልጅና ዜማ የያዘው ልጅ የሚለያዩት። እኔ ያን ቀን አለቀስኩ። የኔታ አልቆጡኝም፤ ስንደዶዬን አስተካክለው «እንግዲህ አሁን ጀመርህ» አሉኝ።

ጸጋዬ ለመጀመሪያው የአብዮት ተውኔቱ «ሀ ሁ በስድስት ወር» ብሎ ስም ሲያወጣ የመረጠው ይህን የልጆች ጩኸት ነው። በስድስት ወር ሕዝቡ አዲስ ፊደል ቆጠረ። መብት፣ ጭቆና፣ ብዝበዛ፣ ወዛደር፣ አድኃሪ፣ ተራማጅ። ትናንት ብዙም የማይሰሙ ቃላት ዛሬ የጉሊት ነጋዴዋም የዘበኛውም አፍ ውስጥ ገቡ። አምናችሁ ተቀበሉኝ፣ ደስ ይል ነበር። ዝም ብሎ የኖረ ሰው መናገር ሲጀምር የሚሰማውን ደስታ ያላየ ሰው ያን ዓመት በኋላ በሆነው ብቻ ነው የሚፈርደው። ጸጋዬም በአብዮቱ ተስፋ ያደረገ ይመስለኛል። ለይምሰል የጻፈ አይመስለኝም። ገና ቀደም ሲል በ«የከርሞ ሰው» የከተማውን ድሃ ኑሮ መድረክ ላይ ያወጣ ሰው «መሬት ላራሹ» ሲባል እንዴት ልቡ አይነካ?

ግን ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. መጣ። 60 ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። «ያለ ምንም ደም» የተባለለት አብዮት በአንድ ሌሊት ደም ሆነ። ከዚያ በኋላ የመጣው የጸጋዬ ተውኔት ስሙ ማን ነው? «አቡጊዳ ቀይሶ»!

አያችሁ? ከሀ ሁ ወደ አቡጊዳ ሄደ። የኔታ እንዳደረጉት ገበታውን አዞረብን። «በስድስት ወር የቆጠራችሁትን ፊደል እስቲ አሁን በተበጠበጠው ቅደም ተከተል አንብቡልኝ፤ ቃሉን ታውቁታላችሁ ወይስ ዜማውን ነው የያዛችሁት?» የሚል ጥያቄ ሆኖ ነው እኔ ጆሮ የሚደርሰው። «ቀየሰ» ማለት መሬት ለካ፣ መንገድ አወጣ፣ ተለመ ማለት ነው፤ መሐንዲሶቻችን «ቅየሳ» የሚሉት። ግን ቃሉን ጮክ ብላችሁ በሉት፤ «ቀይ»ም ይሰማችኋል። ጸጋዬ ይህን አስቦበት ይሁን አይሁን እያልኩ አልከራከርም። በዚያ ዘመን የተቀመጠ ተመልካች «ቀይ»ን ሳይሰማ ሊያልፍ እንደማይችል ግን በራሴ አውቀዋለሁ።

እንዴት እንዳወቅሁት ልንገራችሁ። በ1970 ዓ.ም. የ15 ዓመት ልጅ ነበርኩ። የቀበሌያችን ኪነት ውስጥ ነበርኩ። ያን ጊዜ በየቀበሌው ኪነት ነበር፤ ከበሮ፣ አንድ አኮርዲዮን፣ ካኪ ልብስ። ግጥም እጽፍ ስለነበር ለበዓል ግጥም አቅርብ ተባልኩ። የጻፍኩት ግጥም እያንዳንዱ መስመር «ይውደም» እያለ የሚዘጋ ነበር። እየጮኽኩ አነበብኩት፤ አዳራሹም አጨበጨበ። ከፊት ወንበር ላይ አንዲት እናት ተቀምጠው ነበር፤ ጥቁር ለብሰዋል፤ እጃቸው ጭናቸው ላይ እንደተጣጠፈ ነው። አላጨበጨቡም። አላለቀሱምም። ብቻ አዩኝ፤ እኔ ጨርሼ እስክወርድ ድረስ አዩኝ። ልጃቸው በዚያ ዓመት ተወስዶ እንዳልተመለሰ የሰማሁት ማታ ቤት ስገባ ነው። «ይውደም» ያልኩት እኮ ለማን እንደሆነ እኔም አላውቅም ነበር! ዜማውን ነው የያዝኩት።

ይህን የምናዘዘው ስለ ራሴ ለማውራት ብዬ አይደለም። መድረክ ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ስለሆነ ነው። ወረቀት ላይ ስትጽፍ ማንም አያይህም። መድረክ ላይ ስትቆም ግን ቃልህ የሰው ፊት ላይ ሲያርፍ ታያለህ። ጸጋዬ ዕድሜውን ሙሉ የኖረው እዚያ ነው፣ የሰው ፊት ፊት ለፊት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከዚያ በኋላ ወደ መጠለያው እሄዳለሁ። ጸጋዬ ከሥርዓቱ ውጭ ቆሞ የተመለከተ ሰው አልነበረም። በአብዮቱ መጀመሪያ ብሔራዊ ቴአትርን መርቷል። ለአጭር ጊዜም የባህልና ስፖርት ምክትል ሚኒስትር ሆኖ ነበር። ታስሮም ያውቃል። በ1970ዎቹ መግቢያ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት እንዲቋቋም ከደከሙት አንዱ ነው። «መልእክተ ወዛደር»ንም የጻፈው እሱ ነው። ወንበርም፣ እስርም፣ ማስተማርም፣ ለወዛደር መጻፍም በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ፣ በጥቂት ዓመታት። ወጣቶች «አገለገለ ወይስ ተቃወመ?» ብላችሁ ስትጠይቁኝ መልስ የማጣው ለዚህ ነው። ጥያቄው ሁለት ሣጥን ያቀርባል፤ ሰውየው ግን በአንዱም አይገባም።

ሦስተኛው ነገሬ መጠለያው ነው።

ሰምና ወርቅ አዳነው የሚለውን የማልቀበልበት ምክንያት ቀላል ነው። ሳንሱር ክፍል የተቀመጠው ሰው ማን ነው? ከሰማይ የወረደ አይደለም። አማርኛ እያወራ ያደገ፣ ምናልባትም ቅኔ ቤት የዋለ፣ ወርቁን ከሰሙ ለይቶ ማውጣት የሚችል ሰው ነው። ፈረንጅ ሳንሱር ቢሆን ኖሮ ሰምና ወርቅ ይሸፍን ነበር። ለሐበሻ ሳንሱር ግን ሰም መኖሩ ራሱ «ወርቅ አለ» የሚል ምልክት ነው። እንዲያውም በዚያ ዘመን ሳንሱር ምንም ባልተደበቀበት ቦታ ወርቅ ይቆፍር ነበር።

ታዲያ የት ተጠለለ? አንደኛው መጠለያ የሰው አገር ተውኔት ነው። የጀርመኑን የብሬሽትን ተውኔት ወስዶ «እናት ዓለም ጠኑ» አደረገው። ብሬሽት ማርክሲስት ነው፤ ካድሬ «ለምን ብሬሽትን ተረጎምክ?» ብሎ አይጠይቅም። ተውኔቱ ግን ስለ አንዲት እናት ነው። ከጦርነት ኋላ ጋሪ እየጎተተች ዕቃ ትሸጣለች፤ ጦርነት ያበላኛል ስትል ጦርነቱ ሦስት ልጆቿን አንድ በአንድ ይበላባታል። ይህን ታሪክ የኢትዮጵያ እናት ስትሰማው የጀርመን ታሪክ ነው ትላለች? አስቀድሜ የነገርኳችሁን ጥቁር የለበሱ እናት አስቧቸው።

ሁለተኛው መጠለያ ታሪክ ነው። ቴዎድሮስን፣ ጴጥሮስን፣ ዘርዓይ ደረስን መድረክ ላይ አቆመ። ደርግ ቴዎድሮስን ይወድ ነበር፤ አንድ አገር፣ ጠንካራ ክንድ፣ ከድሃ ቤት የወጣ መሪ። ስለዚህ ቴዎድሮስ ይፈቀዳል። የመቅደላው ቴዎድሮስ ግን ሕዝቡ የከዳው፣ ቁጣው ወዳጁንም ጠላቱንም የፈጀበት፣ በመጨረሻ ብቻውን የቀረ ሰው ነው። ፍቃዱ ተክለማርያም ቴዎድሮስን ሆኖ ሲጫወት ያያችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ያ ድምፅ የመሪን ታላቅነትና የመሪን ጥፋት በአንድ ትንፋሽ ያሰማችሁ ነበር። ፊት ወንበር የተቀመጠው ባለ ሥልጣን የመጀመሪያውን ሰምቶ ይሄዳል፤ ከኋላ የተቀመጠው ደግሞ ሁለተኛውን።

ሦስተኛውና ዋናው ግን ድምፁ ራሱ ነው። ይህን በደንብ ስሙኝ። የለመድነው ወል ቤት ግጥም በየሐረጉ ስድስት ስድስት ቀለም አለው። ስድስት ተብሎ ትንሽ እረፍት፣ ስድስት ተብሎ ቤት መምታት። ለዘፈንም ለሽለላም የሚመች ነው፤ የእኔም «ይውደም» በዚያው ነበር የተጻፈው። ጸጋዬ ሐረጉን ወደ ስምንት ቀለም አስረዘመው፤ ምሁራኑም «የጸጋዬ ቤት» ብለው ጠሩት። ሁለት ቀለም መጨመር ምን ያመጣል ትሉኝ ይሆናል። ትንፋሽ ያመጣል! ስድስቱን ማንም ይለዋል፤ ስምንቱን ግን ልቡ ያልገባ ሰው ሊለው ሲሞክር መሐል ላይ ያልቅበታል። ተዋናዩ የት እንደሚተነፍስ መምረጥ አለበት። የት ላይ ዝም ይላል? የትኛውን ቃል ይጫናል? የትኛውን ሳይነካው ያልፋል? ይህ ሁሉ ወረቀቱ ላይ የለም። የሳንሱር ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ላይ ያሉት ቃላት አንድ ናቸው፤ ማክሰኞ ማታ የሚባሉትና እሑድ የሚባሉት ግን በትንፋሹ ይለያያሉ። ሳንሱር ቃል ይሰርዛል፤ ዝምታን ግን በምን ብዕር ይሰርዘዋል?

ለዚህ ነው ጸጋዬን ብቻውን የማላነሣው። ወጋየሁ ንጋቱን ታስታውሳላችሁ? «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲያነብልን ጎረቤት ሁሉ አንድ ቤት ይሰበሰብ ነበር። እንዲህ ያለ ድምፅ ያላቸው ሰዎች ባይኖሩ የጸጋዬ ስምንት ቀለም መጽሐፍ ውስጥ ተኝቶ በቀረ ነበር።

አሁን ወደ ዋጋው ልምጣ። ይህን በፍጥነት እላለሁ፤ ብዙ ቢወራበት የኅዘን ቤት ይሆንብናል።

በመጀመሪያ ከአገር ውጭ አንድ ምሳሌ። ጆርጂያ የምትባለውን አገር ታውቋታላችሁ፤ ስታሊን የተወለደባት ናት። እንደ እኛ የራሷ ፊደል፣ እንደ እኛ ጥንታዊ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ያላት፣ ቅዱስ ጊዮርጊስን የምትወድ ትንሽ አገር። ስታሊን ራሱ ልጅ ሳለ በጆርጂያ ቋንቋ ግጥም ጽፎ በጋዜጣ አሳትሟል። እ.ኤ.አ. በ1937 የዚያች አገር ገጣሚ ፓኦሎ ያሽቪሊ በደራስያን ማኅበሩ ሕንጻ ውስጥ ራሱን በጠመንጃ አጠፋ። ጓደኛው ቲትሲያን ታቢዜ በዚያው ዓመት ታስሮ ተረሸነ። የቲትሲያን ዘመድ ጋላክቲዮን ታቢዜ ግን ቀረ። የሕዝብ ገጣሚ የሚል ማዕረግ ተሰጠው፣ የሌኒን ኒሻንም ተሰጠው። ሚስቱን ግን ወሰዱበት፤ በ1941 ተገደለች። እሱም በ1959 ትብሊሲ ከሚገኝ ሆስፒታል መስኮት ተወርውሮ ሞተ። ተመልከቱ፤ ከሞት የተረፈውም አልተረፈም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ገብረክርስቶስ ደስታ፣ ሠዓሊውና ገጣሚው፣ አገሩን ጥሎ ወጥቶ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1981 አረፈ። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን ካሳተመ በኋላ በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ነቢይ መኮንን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ ተረጎመ። ያችን ወረቀት አስቧት፤ ከመዳፍ ያነሰች፣ አንድ ፊቷ ብር የተቀባ፣ ሌላው ፊቷ ነጭ። በዚያች ነጭ ፊት ላይ አንድ ትልቅ ልብ ወለድ ተጻፈ። ይህን ስል ደግሞ የሥርዓቱን መዝሙር የጻፈው አሰፋ ገብረማርያም ተሰማም ገጣሚ እንደነበር አልረሳም። እነዚህ ሁሉ የአንድ ዘመን ሰዎች ናቸው።

የጸጋዬ ዋጋ ሌላ ዓይነት ነው። በንጉሡም፣ በደርግም፣ ከዚያ በኋላም ሥራዎቹ ከመድረክ ወርደውበታል። ደርግ ሲወድቅ ፊደሉን አልተወም። «ሀ ሁ ወይም ፐ ፑ» ብሎ መጣ። ሀ የገበታው መጀመሪያ ናት፣ ፐ መጨረሻዋ። ከመጀመሪያ እንጀምር ወይስ ጨርሰናል? ብሎ የጠየቀን ነው የሚመስለኝ፤ ያም ተውኔት ዕድሜ አላገኘም።

ከዚያ ኩላሊቱን ታመመና ለሕክምና ኒው ዮርክ ሄደ። በሳምንት ሦስት ቀን ከማሽን ጋር መታሰር ምን ማለት እንደሆነ በቤታችሁ ያያችሁ አትጠፉም። እዚያ ሆኖም ይጽፍ ነበር። የአፍሪካ ኅብረት መዝሙር ከእሱ ግጥም ነው የተወሰደው፤ አንድ አህጉር የሚዘምርለት ሰው ግን ተመልካቹን ማየት በማይችልበት አገር ነው የተኛው። ይህ ነው እኔን የሚያንገበግበኝ። እስር ያልፋል፤ የታገደ ተውኔትም ሌላ ቀን ይታያል። የጸጋዬ ቃል ግን የተሠራው ለሰው ፊት ነበር፤ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ያሳለፈው ደግሞ ያንን ፊት አጥቶ ነው። የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም. አረፈ። አስከሬኑ መጥቶ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።

ጨርሻለሁ፤ ወደ ወንበሬ ከመመለሴ በፊት ግን አንድ ልመና አለኝ።

የተውኔቱ ጽሑፍ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። የሌለው የተመልካቹ ክፍል ነው። የት ላይ ተሳቀ? የት ላይ አዳራሹ ጭጭ አለ? ማን ተነሥቶ ወጣ? ይህን ማንም አልጻፈውም፤ ያለው እዚህ በተቀመጡት እናቶችና አባቶች ልብ ውስጥ ነው። በ1967 ዓ.ም. ብሔራዊ ቴአትር ገብታችሁ «ሀ ሁ በስድስት ወር»ን ያያችሁ ካላችሁ እጃችሁን አውጡልኝ።

እዚያ ከኋላ አንድ እጅ አያለሁ። እርስዎም አሉ፣ እማማ። ልጆች፣ ደብተራችሁን አውጡ። ማይክሮፎኑን ይስጡልኝ ለእማማ።